የጉማራ ዳር ቄጤማ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሐሙሲትን ካለፋችሁ በኋላ መሬቱ ቀስ እያለ ይዘረጋል። በግራችሁ፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ፣ የፎገራ ሜዳ ነው። በቀኛችሁ፣ ደመና ካልጋረደው፣ ጉና ተራራ ከሩቅ ይታያል። የጉና ጫፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ጉማራና ርብ ከዚያ ተራራ ይነሡና ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። በዚሁ መንገድ ላይ ሌላም መንገደኛ አለ። ትኬት አይቆርጥም፣ ዓይን አያየውም፣ ግን ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ ጣና ይደርሳል። አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። ስሙ ናይትሮጅን ነው።

“ኧረ በእረፍት ቀናችን ኬሚስትሪ!” እንዳትሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ያስተማርኩት እሱን ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሚሰማኝ ተማሪ የለም። ስለዚህ እናንተ ላይ ወደቀ። ደግሞም ነገሩ ከየቤታችሁ ገብቷል። ለበዓል፣ ለቡና፣ ለእንግዳ የምትጎዘጉዟት ቄጤማ የምትበቅለው እኔ ዛሬ በማወራችሁ ቦታ ነው፤ መሬትና ውሃ በሚገናኙበት፣ እግር በሚሰጥምበት፣ ሰው ሁሉ “ምን ይሠራል?” ብሎ በሚያልፈው የወንዝ ዳር።

የሄድኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ምድሩ ግን የጠጣውን ውሃ ገና አልጨረሰም። አክስቴ የምትኖረው ኮረብታውና ሜዳው በሚገጥሙበት ቦታ ነው፣ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በእግር አንድ ሰዓት ታህል። ከቤቷ በታች ክረምት ከበጋ የማትደርቅ አንዲት ጅረት አለች፤ ታች ወርዳ ጉማራን ትቀላቀላለች። ከጅረቷ በላይ ያለው ተዳፋት በቆሎና ዳጉሳ ነው። ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ሩዝ ነው። ፎገራን የማያውቅ ሰው “ሩዝ በኢትዮጵያ?” ይል ይሆናል። እዚህ ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን፣ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት በነበሩበት ጊዜ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ዛሬ እንጀራው ሳይቀር ከሩዝ ዱቄት ጋር እየተቀላቀለ ይጋገራል።

“መጣህ ልጄ? ምነው ከሳህ!” አለችኝ አክስቴ። (ሃያ ኪሎ ጨምሬ ብመጣም የምትለው ይህንኑ ነው።)

ቡናው ሳይፈላ ክርክር ቀረበልኝ። ማሳውን አሁን የያዘው የመጨረሻ ልጇ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ መሬቱ ደግሞ ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን” አለኝ። “እዚያ ታች ያለችው ረግረግ ዝም ብላ ተቀምጣለች። በሬ አይገባባት፣ እህል አትሰጥ። ቦይ ቆፍሬ ውሃዋን ወደ ጅረቷ ባፈሰው እኮ የሽንኩርት መሬት ናት። የውሃ መሳቢያ ሞተርም ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ልንገዛ ነው።”

“ቄጤማዬን ነው የሚነቅለው!” አለች አክስቴ። “ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ ወረታ ወስጄ የምሸጣት፣ የጨው የበርበሬ ገንዘቤ እሷ አይደለችም?”

“እማዬ ለጨው ትላለች፣ እኔ ለደብተር እላለሁ።”

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔም በልቤ “ከከተማ መጥቶ በሰው መሬት መፍረድ ቀላል ነው” አልኩና፣ ነገ ቦታውን ሳናይ አልፈርድም ብዬ አመለጥኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከማሳው አናት ጀመርን። የእንጨት ማስቀመጫው በር ላይ ባዶ የዩሪያ ጆንያ መጋረጃ ሆኖ ተሰቅሏል። ጆንያው ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ፤ ከመቶው ኪሎ 46ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ይህ ናይትሮጅን ከየት መጣ? ከአየር። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሁለት እየሆነ አጥብቆ ስለሚያያዝ ተክል ሊጠቀምበት አይችልም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ያንን ጥብቅ አያያዝ ማላቀቅ ቻለ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ወደ ፋብሪካ አሳደገው። ብዙ ሙቀት፣ ብዙ ግፊት፣ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ይበላል። ማዳበሪያው ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ በከባድ መኪና ወረታ፣ በአህያ ጀርባ አክስቴ ማሳ ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ለዚህ ጆንያ ስንት እንደከፈለ ሲነግረኝ ድምፁ ይቀየር ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ከመጣው እንግዳ ሰብሉ የሚያስተናግደው ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ በዓለም ደረጃ የሚታወቀው አማካይ ወደዚያ ይጠጋል። የቀረው ከፊሉ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፣ ከፊሉ ደግሞ ከውሃ ጋር ይኮበልላል። የሚኮበልልበትን ምክንያት ተማሪዎቼ ወዲያው ይይዙት ነበር። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ዩሪያውን መጀመሪያ አሞኒየም፣ ቀጥሎ ናይትሬት ያደርጉታል። አሞኒየም ፖዘቲቭ ነው፣ ሸክላ አፈር ነጌቲቭ ነው፤ ይሳሳባሉ፣ አይለያዩም። ናይትሬት ግን እሱም ነጌቲቭ ነው። አፈሩ ይገፋዋል እንጂ አይዘውም። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደሄደበት ይሄዳል፣ ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው። ከፍግም፣ ከበሰበሰ ቅጠልም የሚወጣው ናይትሮጅን መጨረሻው እንዲሁ ነው፤ የጆንያው ብቻ አይደለም።

ቁልቁል ወረድን። በቆሎው የሚያልቅበት ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ትንሽ ትልም አለ። ቤታቸው የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች የገንዳውን ውሃ የሚመረምሩበትን ባለቀለም ወረቀት ይዤ ነበር። ወረቀቱ ናይትሬት ካገኘ ይቀላል። ከትልሙ ውሃ ነከርኩት። ጥቂት ቆየን። ቀይ ሽንኩርት የታጠበበት ውሃ መሰለ።

ከዚያ በታች መሬቱ ይለወጣል። መጀመሪያ እንግጫ፣ ቀጥሎ እስከ ወገብ የሚደርስ ቄጤማ፣ ከጅረቷ አጠገብ ሁለት የዶቅማ ዛፍና አንድ ያረጀ ሾላ። እግሬን ሳስገባ ጭቃው ጫማዬን ሊወስደው ታገለ። ከሥር አረፋ ወጣ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ተከተለው። የአክስቴ ልጅ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ያ ሽታ እዚያ ታች ኦክስጅን እንደሌለ ይናገራል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። በዶማ ጉድጓድ ቆፈረልኝና ውሃው ቀስ ብሎ እስኪሞላ ጠበቅን። ወረቀቱን ነከርኩት። ነጭ ሆኖ ቀረ።

“ወረቀቱ ተበላሽቶ ይሆናል” አለ። አዲስ ወረቀት ሰጠሁትና በራሱ እጅ ነከረው። ያው ነው። ወደ ትልሙ ተመልሶ ሌላ ነከረ። ቀላ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ይህ ጥናት አይደለም፣ የአንድ ጡረተኛ ጨዋታ ነው። ሆኖም ከመቶ ቃል ያ ምልልስ በለጠ።

ናይትሬቱ የት ገባ? ከፊሉን ቄጤማውና የዛፎቹ ሥር ጠጥተውታል። ሌላውን ግን የበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እኛ ምግባችንን ለማቃጠል ኦክስጅን እንተነፍሳለን። ውሃ የጠገበ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የለም፤ ስለዚህ እነዚህ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬትን ይተነፍሳሉ። በመጨረሻ የሚያወጡት ያንኑ ሁለት ሁለት ሆኖ የተያያዘውን የአየር ናይትሮጅን ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ጀርመኖቹ በእሳትና በብረት ያላቀቁትን የአክስቴ ጭቃ በነፃ መልሶ ያጣምረዋል። ከአየር የመጣው ወደ አየር ይመለሳል፣ ጅረቷን ሳይነካ።

ግን ይህ ሥራ የራሱ ወግ አለው። ጭቃው ውሃ የጠገበ መሆን አለበት። ለባክቴሪያዎቹ ስንቅ የሚሆን የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ያስፈልጋል፤ ቄጤማውና ዛፎቹ ያንን ያቀርባሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው በአፈሩ ውስጥ እያዘገመ ማለፍ አለበት። ቦይ ስትቆፍር ሦስቱንም በአንድ ቀን ታጠፋለህ። መሬቱ ይደርቃል፣ አየር ይገባበታል፣ ውሃው ደግሞ ጭቃውን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ጅረት ይገባል።

ነገሩን ጻድቅ ላደርገውም አልፈልግም። ባክቴሪያዎቹ አንዳንዴ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃሉ፤ የጥርስ ሐኪሞች “የሳቅ ጋዝ” የሚሉት ነው። ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸር፣ በመቶ ዓመት ስሌት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ምድርን ያሞቃል። ጋዙ ግን ናይትሬቱ ጅረት ውስጥ ከገባም በኋላ መፈጠሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ረግረጉን በማረስ ማንም አያተርፍም።

ይህ የእኔና የአክስቴ ግኝት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ሮድ ሪቨር የሚባል አነስተኛ ወንዝ አለ። ፒተርጆንና ኮረል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እዚያ በበቆሎ እርሻና በጅረት መካከል ባለ ጫካ ላይ ናይትሮጅንን ሲገባና ሲወጣ ቆጠሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ታተመ። ጫካው ከገባበት ናይትሮጅን 89 በመቶ ያህሉን ለጅረቱ ሳያሳልፍ አስቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ በየጅረቱ ዳር ዛፍ መትከል ሥራ ሆኗል። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ እዚያ መሬቱን ለዛፍ የሚተወው ገበሬ ከመንግሥት ኪራይ ይከፈለዋል።

ከጅረቷ ማዶ ያለው ጎረቤት ከዓመታት በፊት እስከ አፋፉ ድረስ አርሶታል። አሁን የአፋፉ ጠርዝ ቁልቁል ተንዷል፤ የዛፍ ሥር የያዘው ነገር የለም። ከማሳው መሐል የተነሣ ቦረቦርም በየክረምቱ እየሰፋ ነው። “ዳር ሲፈታ መሐሉ ዳር ይሆናል” የሚሉት ለአገር ድንበር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ነው። ጎረቤትየው ራሱ ቆሞ ሲያሳየን “በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ምርት ሰጠችኝ” አለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በሦስተኛው ቀን የዚህ ሁሉ ውሃ መጨረሻ የት እንደሆነ ለማየት በሞተር ሳይክል ወደ ናበጋ ወረድን፣ ከፎገራ የጣና ዳር ቀበሌዎች አንዷ ናት። መንገዱ በሩዝ መሐል ነው። ጥቅምት ላይ ሩዙ ዘለላውን ደፍቶ ወርቅ መስሏል፤ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ያስጮኻሉ። ለዓይን እንዲህ ያለ አገር የለም። ከዚያ ሐይቁ ጋ ደረስን ስንል፣ ሐይቁ የለም። እስከሚታየው ድረስ አረንጓዴ ነው፣ ሐምራዊ አበባ ጣል ጣል ያለበት። እንቦጭ።

እንቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ሰው በእጁ እየነቀለ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በዘመቻ ታግሎታል። ክብር ይገባዋል። ግን ነቃዩ ወደ ቤቱ ሲሄድ የእንቦጩ ቀለብ አይሄድም። በጣም የበረታው በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳር፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየማሳው ያመጡትን በሚያራግፉበት በኩል ነው። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 10 ሜትር አይሞላም። የሚገባበት ነገር የሚሰወርበት ጥልቅ የለውም።

ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ጆንያ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ራሱ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ተሸክሞ ይመጣል። የከተሞቹ ፍሳሽም አለ፤ እሱ ደግሞ ቄጤማ ሳያገኘው፣ በቧንቧና በቦይ፣ ቀጥታ ነው የሚገባው። አክስቴ ጭቃ ፊት የሚያልፈው የበቆሎ ውሃ ከዚያ አንጻር ጨዋ ነው።

ናበጋ ላይ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት በልጅነታቸው ይህ ዳር በሙሉ ደንገል እንደነበር ነገሩን። ደንገል ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ ከወንዝና ከማሳ የሚመጣውን ሁሉ እንደ ወንፊት የሚያጣራ ነበር። ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ነገደ ወይጦ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ደንገል ታጭዶ ታንኳ ሲሆን በውስጡ ያለው ናይትሮጅንም ከውሃው አብሮ ይወጣል፤ ሐይቁን የሚያጸዳ ንግድ ነበር ማለት ነው። ያለመጠን ሲታጨድ፣ ሲቃጠል፣ ከብት ሲገባበት፣ ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ በቦታው ሲታረስ፣ ደንገሉ እያለቀ ሄደ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ውስጥ መዝግቦታል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ “ደግ አደረጉ፤ ደንገሉንስ ማን ይመዝግበው?” አሉ።

ናይትሮጅን ሁልጊዜ ቁልቁል ብቻ እንደማይሄድ ያወቅኩትም ከእሳቸው ጋር ስንጫወት ነው። ክረምት ሲገባ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የባርበስ ዘር ዓሦች እንቁላላቸውን ለመጣል ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ። የሐይቁን ሀብት በሥጋቸው ተሸክመው ወደ ላይ፣ ወደ ጅረቶቹ ይመልሱታል። ወፉም፣ ሰውም ከዚያ ይበላል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋባቸው፣ አንዳንዱም ውሃውን በብርብራ ሲያሰክር፣ ጉዞው እዚያው ይቆማል። ጎርፉም እንደዚያው ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲፈስሱ ቤት ያፈርሳሉ፣ ከብት ይወስዳሉ፤ ግን ከተራራው ያመጡትን ለም ደለል ለሜዳው ጥለውለት ይመለሳሉ። ሩዙ ከተነሣ በኋላ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ እነዚህ ደግሞ በሥራቸው እባጭ ውስጥ ባስጠጓቸው ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር በቀጥታ ይወስዳሉ። ሃበርና ቦሽን አልጠበቁም።

ወደ አክስቴ ቤት ስንመለስ የልጁ ባለቤት ውሃ ቀድታ ስትመጣ አገኘናት። የእጅ ጉድጓዳቸው ከበቆሎው ግርጌ ነው፣ ከረግረጉ በላይ። ይህን ያነሣሁት ጨቅላ ያላችሁ እናቶች ስላላችሁ ነው። ናይትሬት የበዛበት ውሃ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ በተለይ በጣሳ ወተት ለሚያድግ፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ናይትሬቱን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይወፍራል። የጡት ወተት ከዚህ ሁሉ ያድናል። እሷም የምታጠባ ናት። ጉድጓዱን ግን ከማሳው ራቅ፣ ከፍም ወዳለ ቦታ ብትወስዱት አልኳቸው፤ “ቁፋሮውን ማን ይችለዋል?” ተባባሉ። ሌላ ክርክር ተወለደ።

ማታ ፍርዴን ተጠየቅኩ። እውነቱን ተናገርኩ። ይቺ ረግረግ ለጣና ትሠራለች፣ ለዓሣ አስጋሪው ትሠራለች፣ ባሕር ዳር ሆቴል ተቀምጦ ሐይቁን ለሚያይ እንግዳ ትሠራለች፤ ከእነዚህ ሁሉ ግን ለአክስቴ ልጅ አንድ ብር የሚከፍለው የለም። ሜሪላንድ ቢሆን ኪራይ ነበረው። እዚህ በገዛ ደብተር ገንዘቡ ነው የሚተዋት። ስለዚህ “በሙሉ ተዋት” ለማለት አፌ አልደፈረም።

“ቦዩን እስከ ጅረቷ አትቁረጠው” አልኩት። “ረግረጓ አፍ ላይ አቁመውና ውሃው ጎን ለጎን ይበተን። ከላይ ያለውን፣ ደረቅ ደረቅ የሚለውን አርሰህ ሽንኩርትህን ትከል። የታችኛውን፣ ከጅረቷ ጀምሮ ያለውን ተወው። ዩሪያውን በአንድ ቀን አትድፋው፤ ለሁለት ክፈለው፣ ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲልም ቆይ። ቄጤማውንና ሣሩን ደግሞ እያጨዳችሁ ከቦታው አውጡት፤ እዚያው ከበሰበሰ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል።”

“ስንት እርምጃ ልተው?”

“ሃያ።”

“ጋሼ፣ አሥር ይበቃል።”

እንደ በግ ገበያ ተከራከርን። በመጨረሻ አሥራ አምስት ተባለ፤ የሚለካው ማን ይሁን ሲባል አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በማግሥቱ ከጅረቷ ጀምራ ቆጠረች። ጉልበቷን ሁልጊዜ የሚያማት ሴትዮ ያን ቀን የወሰደችውን እርምጃ ወታደርም አይወስደው። ልጇ እየሳቀ በየጫፉ ድንጋይ አቆመ።

ለፋሲካ ስደውል ሞተሩ ተገዝቷል፣ ሽንኩርቱም ደርሶ ተነቅሏል፤ ዋጋው ግን ወርዶባቸዋል። አክስቴ ስልኩን ከልጇ ተቀበለችው። ቄጤማዋ ጥሩ ገበያ አግኝታለች። ሁሉንም ሸጣ ለራሷ ቤት የሚጎዘጎዝ ስላልተረፋት፣ በዋዜማው ማታ በባትሪ ወርዳ ማጨድ ነበረባት።

“ድንጋዮቹስ አሉ?” አልኳት።

“አሉ። አንደኛዋ ብቻ ትንሽ ወደ ታች ወርዳለች። በሬ ነው የገፋት ይላል።”